ሀብትነሽ ከዋንዛው ሥር አልተቀመጠችም

ቢሮክራት የሚለው ቃል ወይራ ዳር ቀበሌ የገባው በ1989 ዓ.ም. ጥር ወር ነው። ከፍኖተ ሰላም በላንድሮቨር የመጡ ካድሬዎች ሕዝቡን በትምህርት ቤቱ ሜዳ ሰብስበው መሬት እንደሚሸጋሸግ፣ ከበዛለት ተቆርጦ ለሌለው እንደሚሰጥ ተናገሩ። ይህ ለሁሉም ግልጽ ነበር። ቀጥለው ግን ቢሮክራት የሆነ ሰው ከአራት ጥማድ በላይ መሬት አይኖረውም አሉ። ይህ ለማንም ግልጽ አልነበረም።

ቃሉ በእንግሊዝኛ ተራ ስም ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀምጦ በደንብና በወረቀት ሥራ የሚያካሂድ ሰው ማለት ነው፤ ባለጉዳይ የሚያንገላታ፣ "ነገ ተመለስ" ማለት የሚወድ ሹም ሲሆን ደግሞ ስድብ ይሆናል። ወይራ ዳር መሥሪያ ቤት የለም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄደው አውራ ጎዳና ማንኩሳ ሳይደርስ ወደ ቆላው የሚገነጠል የእግር መንገድ አለ፤ በዚያ የሄደ ሰው በበቆሎና በበርበሬ ማሳ መካከል አልፎ የሚደርስባት ቀበሌ ናት። በቀበሌው የነበረው ጠረጴዛ አንድ ሲሆን እሱም የትምህርት ቤቱ ነበር።

ካድሬዎቹ በሰጡት ትርጉም ቢሮክራት ማለት በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ውስጥ ማናቸውንም ሥልጣን ይዞ የነበረ ሰው ነው። ሊቀመንበሩ፣ የፍርድ ሸንጎው ዳኛ፣ ገንዘብ ያዡ፣ ጠብመንጃ ይዞ ጎተራ የጠበቀው፣ ሁሉም አንድ ስም ወጣላቸው። ሕዝቡ ደግሞ ቃሉን በራሱ መንገድ ተጠቀመበት። ከፈር መሐል የሚተኛ በሬ ቢሮክራት ተባለ። ወፍጮ ቤት ወረፋ የሚዘል ቢሮክራት ተባለ። አንድ ባል ወጥ ሲያንስበት "የምን ቢሮክራት ቤት ነው የገባሁት" አለ ተብሎ በሰንበቴ ላይ ተሳቀ። እስከዚህ ድረስ ቃሉ ያስቅ ነበር። የካቲት ላይ የሰው ስም ሲጠራበት ሳቁ ቆመ።

ከተጠሩት መካከል ሴት ሀብትነሽ ብቻ ናት። ያኔ ሃምሳውን አልፋለች። ረጅም፣ ከሲታ፣ ስትናገር የሰው ዓይን የማትለቅ ሴት ናት። ባሏ በወባ ከሞተባት በኋላ መሬቷን የእኩል እያሳረሰች ትኖራለች፤ አንዲት ልጇ ሠርክአዲስ ሽንዲ ከተማ ባል አግብታ ሄዳለች። ያላት ዘጠኝ ጥማድ ነው። ከዚያ ውስጥ ድባ የምትባለው ማሳ ጥቁር አፈር፣ ዳገት የሌለባት፣ ከወንዙ ፈቀቅ ያለች ናት፤ የአካባቢው በርበሬ ነጋዴዎች ከሩቅ ያውቋታል። ችግኙን በግንቦት መደብ ላይ የምታፈላው፣ በሐምሌ ጭቃው እስከ ጉልበቷ እየደረሰ የምትተክለው እሷ ራሷ ነበረች። በሬ መጥመድ እንጂ በርበሬ መትከል የወንድ ሥራ ነው ያለ የለም።

በደርግ ጊዜ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበረች። ይህ እውነት ነው፤ አልካደችውም። ምርጫው በተደረገ ቀን ሌሎቹ ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው መሬት ሲጭሩ እሷ ቀና ብላ ስለነበር ተመረጠች። መሠረተ ትምህርት አስተማረች፣ ስብሰባ ጠራች፣ ለዘማች ሠራዊት ስንቅ አሰባሰበች።

ስሟ በተጠራ ቀን ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

"አያ ቢያዝን፣ ይህ ስም ምን ማለት ነው?" አለች።

ቢያዝን የሽግሽግ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ የሰፈሯ ልጅ ነው፤ በታናሽነቱ እሷ "አያ" ስትለው አክብሮት ሳይሆን መውጊያ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እሱም ያውቃል። ወደ ካድሬው ዞረ።

ካድሬው ልዑልሰገድ ይባላል። ከሌላ አውራጃ የመጣ፣ ንግግሩ ፈጣን፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ ንጹሕ የሆነ ወጣት ነው። "አንቺ ሴትዮ" አለ፣ "ባለፈው ሥርዓት ሕዝብ ላይ ሥልጣን ይዘሽ ነበር፣ አልነበረም?"

"አንቺ" ሲል ከሕዝቡ መካከል ማጉረምረም ተሰማ። በዚያ አገር እናት የሚሆን ሰው በባዳ "አንቺ" አይባልም።

"ነበርሁ።"

"በቃ። እሱ ነው ትርጉሙ።"

"ልጄ፣ እንዲህ ከሆነ ስም እንጂ ጥፋት አልነገርኸኝም። ሌባ ስትለኝ ምን እንደሰረቅሁ እጠይቅሃለሁ። ነፍሰ ገዳይ ስትለኝ ማንን ብዬ እጠይቅሃለሁ። ቢሮክራት ስትለኝ ማንን ልጠይቅ?"

"ሕዝቡን ጠይቂ" አለ ልዑልሰገድ።

"እሺ" አለችና ተቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ የተባለበትን ሰዓት ብዙ ሰው በኋላ ያስታውሳል፤ ካድሬው ስብሰባውን ለመዝጋት ብሎ የተናገረውን ሀብትነሽ እንደ ትእዛዝ ወሰደችው።

መሬቱ በዕጣ የሚከፋፈልበት ቀን ለመጋቢት ተቀጠረ። ደንቡ በሁሉም ጆሮ ገብቷል፦ መሬት የሌለው ለብቻ፣ ጥቂት ያለው ለብቻ፣ በቂ ያለው ለብቻ ይቀመጣል፤ ቢሮክራቶች ከሜዳው ዳር ካለው ዋንዛ ሥር ይቀመጣሉ። በምድቡ ያልተቀመጠ ዕጣ አያነሣም። ዕጣ ያላነሣ መሬት የለውም። ዋንዛው ሥር የተቀመጠ ሰው ያለውን ሁሉ ለክፍፍሉ አስረክቦ አራት ጥማድ በዕጣ ይደርሰዋል።

ሠርክአዲስ ይህን ሰምታ ከሽንዲ መጣች። እናቷ ከብቶቿን አስገብታ እስክትመለስ እንኳ አልጠበቀችም፤ በረት ድረስ ሄደች።

"እማ፣ ዋንዛው ሥር ቁጭ ብሎ መነሣት ምን አለው? የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሲደክመው እዚያ አይደል የሚያርፈው?"

"ሲደክመኝ አርፍበታለሁ።"

"አራቱን ጥማድ ውሰጅና ዝም በይ። አያ ይታገሱስ ሊቀመጥ አይደለም? ጎተራ ጠባቂ የነበረ ሽማግሌ፣ ጥይት የሌለው ጠብመንጃ ይዞ ሲያንቀላፋ ነው ዘመኑ ያለፈው። እሱ ከተቀመጠ አንቺ ምን ቆርጦሽ..."

"እሱ ይቀመጥ። እግሩ ያመዋል።"

"ባለቤቴ ፍኖተ ሰላም አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ጠይቆልኛል። ቢሮክራት ማለት ጠረጴዛ ያለው ሠራተኛ ነው አለ። አንቺ ደግሞ ጠረጴዛ የለሽም። እንግዲህ ስሙ አንቺን አይነካም፤ ምን አስጨነቀሽ?"

ሀብትነሽ ጥጃውን ከእናቱ እየለየች ሳቀች። "የማይነካኝ ከሆነ ለምን ድባን ይነካል?" አለች።

ሠርክአዲስ ጥጃውን ያዘችላት። እናቷ ገመዱን ካሰረች በኋላ ቀጠለች። "ስሚ ልጄ። ዋንዛው ሥር ከተቀመጥሁ አራት ጥማድ አገኛለሁ። ያንን ስም ግን አንቺ ትወርሻለሽ፣ ልጆችሽ ይወርሱታል። መሬት ይከፈላል። ስም አይከፈልም። ካልተቀመጥሁ ደግሞ ምንም የለኝም፤ ያንን አውቃለሁ። እንቅልፍ ያሳጣኝ ይኸው ነው እንጂ ስሙን አልፈራሁትም።"

በማግሥቱ ወደ ቄስ ዓለምብርሃን ቤት ሄደች። ቄሱ የማርያም ደብር አገልጋይ፣ ቀልድ የሚወዱ፣ በጾም ወራት ግን ድምፃቸው የሚቀንስ ሰው ናቸው።

"አባ፣ ግዝት እንዲያወጡልኝ መጣሁ።"

"ምን ተሰረቅሽ?"

"ምንም።"

"ታዲያ ግዝቱ ለማን ነው?"

ግዝት በአገሩ ሰው ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። በግ ጠፍቶ፣ ማር ተሰርቆ፣ የድንበር ድንጋይ ተነቅሎ ያደረገው ሰው ሲሰወር ቄስ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝብ ፊት ያወግዛል፤ ያደረገ፣ ያየ፣ ያወቀ፣ የደበቀ ካልተናገረ ከምእመናን የተለየ ይሁን ይላል። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ቀላል አይደለም። ሰው ወንድሙን እንኳ ያጋልጣል።

"ለራሴ ነው" አለች ሀብትነሽ። "ሀብትነሽ የበደለችው፣ ስትበድል ያየ፣ የሰማ፣ ውስጡ የያዘ ሁሉ ይናገር። ካልተናገረ ውግዝ ይሁን።"

"ልጄ፣ ግዝት ሌባ ለማውጣት ነው።"

"የእኔን ሌብነት ያውጡልኛ።"

"ሰው ቂሙን ይዞ ቢመጣስ? ይህ ዘመን የቂም ዘመን ነው። የአንዱ ቃል የብዙዎችን ቂም አስከትሎ ሲመጣብሽ ትችይዋለሽ?"

"ባለቤት ያለውን በደል እችላለሁ። ባለቤት የሌለውን ነው ያልቻልሁት።"

ቄሱ "እሑድ" አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሳይወጣ ቄስ ዓለምብርሃን መስቀላቸውን ይዘው ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሙ። የተለመደውን ቃል አወጡ፤ የተበደለ፣ ያየ፣ የሰማ፣ የደበቀ ካልተናገረ ውግዝ ከመ አርዮስ፣ እንደ አርዮስ የተወገዘ ይሁን። የሀብትነሽ ስም ሲጠራ ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። በግዝት የሚፈለግ ሰው ቆሞ ሲያዳምጥ ታይቶ አያውቅም። እሷ ግን ነጠላዋን አደግድጋ ከፊት ቆማለች።

መጀመሪያ የመጣችው አንዲት ጎልማሳ ሴት ናት። "መሠረተ ትምህርት ቀረሁ ብለሽ ከውሃ መንገድ ላይ እንስራዬን አስወርደሽ ፊደል አስቆጠርሽኝ" አለች። "ሰው እያየኝ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።"

"እውነት ነው" አለች ሀብትነሽ። "ስምሽን መጻፍ ትችያለሽ?"

"እችላለሁ።"

"እንግዲህ ምን ልካስሽ? ፊደሉን መልሼ ልውሰድ?"

ሕዝቡ ሳቀ። ሴትዮዋም ሳቀች፤ ሆኖም ሀብትነሽ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ነካችና "በመንገድ ላይ ማዋረዴ ጥፋት ነው፤ ይቅር በይኝ" አለቻት። ይህን ያልጠበቁ ነበሩና ሳቁ ተቋረጠ።

ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ምርኩዙን እያንኳኳ መጣ። "ሚስቴን በየሳምንቱ ለስብሰባ እየወሰደች ራቴን አሳጥታኛለች።"

"አያ፣ ይህ በደል አይደለም" አሉ ቄሱ። "ይህ ረኀብ ነው።"

"ረኀብ በደል አይደለም ወይ አባ? በጾም ቀን እንዲህ ይባላል?"

እንዲህ እየተባለ ሌሎችም መጡ። አንዷ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተሰደብሁ አለች። አንዷ ለስንቅ የሰጠሁት ቁና መስፈሪያው ትልቅ ነበር አለች። ሀብትነሽ የሰማችውን አንዱን ተቀበለች፣ አንዱን "ይህን አላደረግሁም፣ መስፈሪያው የራስሽ ነበር" ብላ መለሰች። ቄሱ ማዕተባቸውን እየነካኩ ያዳምጣሉ። ነገሩ ያለቀ ሲመስል እናትነሽ ከሴቶቹ መካከል ወጣች።

እናትነሽ የሀብትነሽ የቅርብ ጎረቤት ናት። ድሮ እሳት ይዋዋሱ ነበር፤ ጓሯቸው የሚለየው በአንድ የቁልቋል አጥር ነው። ዐሥር ዓመት ያህል ግን ከሰላምታ አልፈው ተነጋግረው አያውቁም። ምክንያቱን ያወቀ አልነበረም፤ ሰው በአጥር ነው፣ በዶሮ ነው ይል ነበር።

"የመጀመሪያ ልጄ በሞተ በሦስተኛው ቀን" አለች እናትነሽ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። "ደጃፌ ላይ ገብስ ይዘሽ መጣሽ። ለዘማች በሶ ይወቀጥ፣ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ፣ ዛሬ መኪና ይመጣል አልሽኝ። ልጄ ሞቶ ነው አልሁሽ። የሌሎችም ልጆች እየሞቱ ነው፣ በጦር ሜዳ አልሽኝ። ገብሱን ቆላሁት። ወቀጥሁት። በሐዘን ቤት ሙቀጫ ሲሰማ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ለቅሶ የመጣው ሰው ከደጅ ቆሞ ድምፁን ሰምቶ ተመለሰ። 'ይችማ አላዘነችም' ብለው ሄዱ። ይኸው ነው።"

ሀብትነሽ ፊቷ ተለወጠ። ከዚያ በፊት የሰማቻቸውን ሁሉ ቀና ብላ ነበር የሰማችው፤ አሁን ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

"አድርጌዋለሁ" አለች። "ለቅሶው እንደተመለሰብሽ አላወቅሁም። ባውቅም ያን ቀን አልመለስም ነበር። እንዲያ ነበርሁ።" ከዚያ ወደ ቄሱ ዞራ "አባ፣ ድንጋይ ልሸከም" አለች።

ዕርቅ በአገሩ ሥርዓት አለው። በዳይ ድንጋይ በትከሻው አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ተበዳይ ፊት ይቆማል፤ ተበዳይ ይቅር ሲል ድንጋዩን ያወርድለታል። ሽማግሌዎች ከቅጥሩ ሥር መካከለኛ ድንጋይ መርጠው ሊያነሡ ሲሉ እናትነሽ እጇን ዘረጋች።

"ድንጋይ አይደለም" አለች። "ሙቀጫውን ትሸከም። ከቤቴ እስከዚህ፣ ከዚህ እስከ ቤቴ።"

"ኧረ ሰው ነች፣ በቅሎ አይደለችም!" አለ ከኋላ አንድ ሰው።

"ዝም በል" አለች ሀብትነሽ። "የተበደለችው አንተ አይደለህም።"

ሙቀጫው ከዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ፣ ከጎልማሳ ወንድ ጉልበት የሚበልጥ ቁመት ያለው ነው። ሀብትነሽ ከእናትነሽ ደጅ አንሥታ በትከሻዋ ተሸክማ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መጣች፤ ከዚያ ተመለሰች። ሕዝቡ ከኋላ ተከተለ። ሁለት ጊዜ ቆማ ትከሻ ቀየረች። ላግዝሽ ያለውን ሁሉ በዓይኗ መለሰችው። እናትነሽ ከፊት ከፊቷ ትሄዳለች፤ አትቸኩልም፣ ወደ ኋላም አታይም። ደጃፏ ሲደርሱ ዞረች፣ ሙቀጫውን በሁለት እጇ ይዛ አወረደችው።

"ይቅር ለእግዜር" አለች።

"ይቅር ይበለን" አለ ሕዝቡ። ሁለቱ ሴቶች ተሳሳሙ፤ ከዚያ በኋላ እናትነሽ አለቀሰች፣ ልቅሶዋም ዐሥር ዓመት የዘገየ ልቅሶ እንደነበር ያዩት ሁሉ መስክረዋል።

ወሬው ግን በሌላ መንገድም ሄዷል። ማክሰኞ ዕለት ቢያዝን የሀብትነሽ ደጅ መጣ። ቆሞ ነው የተናገረው።

"እትየ፣ እንግዲህ አበቃ። በቤተ ክርስቲያን በሕዝብ ፊት አምነዋል። ልዑልሰገድም ሰምቷል፤ 'ራሷ አረጋገጠችልን' ብሏል። የዕጣው ቀን ዋንዛው ሥር ይቀመጡና ይለቅ።"

"ምን አመንሁ?"

"በደል አድርሻለሁ አሉ እኮ።"

"በድያለሁ አልሁ። ቢሮክራት ነኝ አላልሁም።"

"ያው አይደለም?"

"አይደለም አያ ቢያዝን። የበደልኋት አንዲት ሴት ናት፤ ስሟ እናትነሽ ነው፣ የበደልሁበት ቀን ይታወቃል፣ የተሸከምሁበት ትከሻዬ ቆስሏል፤ ልየው ካልህ አሳይሃለሁ። አንተ የሰጠኸኝ ስም ግን የተበደለ የለውም፣ ቀን የለውም፣ ይቅር የሚለኝም የለም። ይቅር የማይባል ነገር ውስጥ አልገባም።"

ቢያዝን እጆቹን አፋተገ። "እንግዲህ መሬት አያገኙም። እኔ አይደለሁም፤ ደንቡ ነው።"

"ደንቡን ሰላም በልልኝ" አለችው።

የዕጣው ቀን ሜዳው ሞላ። ኮሚቴው በተዋሰው የትምህርት ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል፤ ፊት ለፊታቸው የታጠፉ ወረቀቶች የያዘ ቅርጫት አለ። ሕዝቡ በየምድቡ ተቀመጠ። እናትነሽ ጥቂት ካላቸው መካከል ናት። ዋንዛው ሥር የተጠሩት ወንዶች ፊታቸውን ከሰው መልሰው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ተቀምጠዋል፤ አያ ይታገሱ የሚያመውን እግሩን ዘርግቷል። ሀብትነሽ ከሜዳው መካከል፣ ከየትኛውም ምድብ ርቃ ቆማለች።

"ያቺ ሴትዮ ትቀመጥ" አለ ልዑልሰገድ።

አልተቀመጠችም።

ዕጣው ተጀመረ። መጀመሪያ መሬት የሌላቸው አነሡ። ድባ ክንዱ ለሚባል ወጣት ደረሰች፤ ባለፈው ዓመት አግብቶ በአባቱ ቤት ጓዳ የሚኖር ነው። ስሙ ሲጠራ ደስታውን መደበቅ አልቻለም፤ ከዚያ ሀብትነሽን አየና ወረቀቱን በእጁ ጨበጠው። እሷ አላየችውም፣ ወይም እንዳላየች ሆነች። ድባ ስትጠራ ግን ቆማ ሳለ እግሯን ቀይራ እንደቆመች ቀረብ ብለው የተቀመጡ አይተዋል።

ፀሐይዋ ከፍ አለች፣ ከረረች። ውሃ ይዛላት የመጣችው ሠርክአዲስ በልመና "እማ" አለቻት። ውሃውን ጠጥታ ቅሉን መለሰችላት። የዋንዛው ሥር ተራ ሲደርስ ልዑልሰገድ ከጠረጴዛው ተነሣ።

"ለመጨረሻ ጊዜ እጠይቅሻለሁ። ትቀመጫለሽ ወይስ አትቀመጪም?"

"አልቀመጥም።"

"ሕዝቡን ጠይቂ ብዬሽ ነበር፤ ጠይቀሻል፤ ሕዝቡም መልሶልሻል። በሐዘን ቤት ገብስ ያስወቀጥሽ አንቺ ነሽ። ጉባኤተኛ፣ ከዚህ የበለጠ ቢሮክራት የት አለ? እስቲ ይህንን የሚክድ ካለ ይናገር!"

ከተቀመጡት መካከል እናትነሽ ተነሣች። በዚያ ሜዳ ሴት ሳይፈቀድላት አትነሣም፤ አንዱ የኮሚቴ አባል "ተቀመጭ፣ ዕጣሽ ይበላሻል" አላት።

"ይበላሽ" አለች። ከምድቧ ወጥታ ሄደችና ሀብትነሽ አጠገብ ቆመች። "አንተ ልጅ፣ የልጄን ሐዘን ማን ሰጠህ? እኔ ነኝ የተበደልሁት። እኔ ነኝ ሙቀጫ ያሸከምኋት፣ እኔ ነኝ ያወረድሁላት። ያለቀ ነው። አሁን አንተ አንሥተህ መሬት ትለካበታለህ። የልጄን ሐዘን ገመድ አታድርገው!"

ከኋላ አንድ ድምፅ "እውነቷን ነው!" አለ። ሌላው ቀጠለ። "ቢያዝንስ? በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ሰሌዳ ተሸካሚ አልነበረም?"

"ተማሪ ነበርሁ!" አለ ቢያዝን ከጠረጴዛው።

"ሰሌዳው ቢሮክራት ነዋ!" አለ አንድ ሰው፤ ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ቀን በፊት በኮሚቴው ፊት የሳቀ አልነበረም።

በሳቁ መካከል አያ ይታገሱ ምርኩዙን ተደግፎ ከዋንዛው ሥር ተነሣ። እግሩ እያመመው፣ ቀስ ብሎ፣ ጋቢውን ከፊቱ አውርዶ ወደ ሜዳው መካከል መጣ። "እኔም ልቁም" አለ። "ተቀምጬ ሰለቸኝ።" ከኋላው ሌላው ተነሣ፤ ከዚያ ሌላው። ጥቂት ቆይቶ ዋንዛው ሥር የቀረው ጥላው ብቻ ነበር።

ቢያዝን ወደ ካድሬው ዘንበል ብሎ አንሾካሾከ። ሁለቱ ብዙ ተከራከሩ። በዚያ ቀን ክፍፍሉ ካላለቀ ለወረዳው ምን እንደሚባል የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በመጨረሻ ልዑልሰገድ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆመ፤ ቢያዝን ተናገረ።

"ቆማችሁም አንሡ። ግን አራት ጥማድ ነው። እሱ አይለወጥም።"

"አራት ጥማዱን ሰምቻለሁ" አለች ሀብትነሽ። "በምን ስም ነው የምትጠራኝ?"

ቢያዝን ጠረጴዛውን አየ፣ ካድሬውን አየ። ካድሬው አልዞረም።

"ወይዘሮ ሀብትነሽ" አለ ቢያዝን።

ሄዳ አነሣች።

የደረሳት ከአቀበቱ ላይ ያለ ጭንጫ መሬት ነው፤ ውሃ የማይይዝ፣ ሌሎች እንዳይደርሳቸው ሲለምኑ የዋሉበት። ወረቀቱን አንብባ "ይሁን" አለች። ድባ ሄዳለች። በስፋት ያላት መሬት ከግማሽ በታች ሆኗል፤ በፍሬ ደግሞ ሩቡም አልቀራትም። ይህን አስልታ ነው የቆመችው፤ ስለዚህ አላለቀሰችም። ሠርክአዲስ ስታለቅስ ግን ተቆጣቻት። "ተነሺ፣ ክረምት እየመጣ ነው፤ ድንጋይ የሚለቅም ሰው እፈልጋለሁ።"

በጭንጫው ላይ በርበሬ አይሆንም። ግብጦ ዘራችበት። ግብጦ ክፉ መሬት የማይንቅ እህል ነው፤ ያለ ማዳበሪያ፣ ሰው ትቶት በሄደው አፈር ላይ ይበቅላል። አጭዳ፣ ወቅታ፣ ቀቅላ፣ ምሬቱ እስኪለቅ ድረስ በወራጅ ውሃ አስቀምጣ ማንኩሳ ገበያ ትሸጠዋለች። እናትነሽ አብራት ትወርዳለች። ድባ ላይ የክንዱ በርበሬ ያማረ ሆኖ ሲታይ ሀብትነሽ በመንገዱ ስታልፍ ቆም ትላለች፤ አንዳንዴም አጥሩን ተሻግራ በሽታ የጀመረውን ተክል ነቅላ ትጥልና ትሄዳለች። ክንዱ አይከለክላትም፤ እሷም አትጠይቀውም።

ቃሉ በአገሩ ላይ ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። በሌሎች ቀበሌዎች ሰዎች በዚያ ስም ከማኅበር ተገለሉ፣ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ተሰደቡበት። በወይራ ዳርም አንዳንድ ሰው አፉ ላይ አልተወውም። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ አዲስ የግብርና ሠራተኛ ማሳ ለማሳ እየዞረ ሲመዘግብ አቀበቱን ወጣና ጎንበስ ብላ ድንጋይ የምትደረድረውን ሴት አገኘ።

"እማማ፣ የቢሮክራቶቹ መሬት የሚባለው ይሄ ነው?"

ሀብትነሽ ወገቧን ይዛ ቀና አለች። በሰፌድ ያስቀመጠችውን የታጠበ ግብጦ ከጥላው አነሣችና ዘረጋችለት።

"የሀብትነሽ መሬት ነው። ቅመስና ያልኸውን ስም ድገመው፤ ከደገምኸው ሰፌዱን እወስድብሃለሁ።"

ልጁ ግብጦውን ቀመሰ። አልደገመውም።